«ደርባባ» ማለት ወፍራም ማለት ነው እንዴ?

ባለፈው እሁድ ሠርግ ላይ አንዲት እናት የሙሽራይቱን አክስት አይተው «እንዴት ያለች ደርባባ ሴት ናት!» አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ወፍራም ማለታቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት፤ «ታዲያ ምንድን ነው?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። እስቲ አግዙኝ።

— ልክ ነህ፣ ወፍራም ማለት አይደለም። ቃሉ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይን ላይ የምትመጣው ሞላ ያለች ሴት መሆኗ አይካድም፤ የሚመሰገነው ግን ገላዋ ሳይሆን አኳኋኗ ነው። ስትራመድ አትቸኩልም፣ ስትቀመጥ ቦታው ይሞላል። ከረከቦቱ ኋላ ሆና ሲኒ ሳታንቃጭል ቡና ስትቀዳ አስባት። ከጭምትም ትለያለች። ጭምት ዝም ትላለች፤ ደርባባ ትጫወታለች፣ ትስቃለች፣ ብቻ ሳቋ አይዝረከረክም። ቀብራራ ደግሞ እዩኝ እዩኝ ባይ ናት። ለእኔ የደርባባ ተቃራኒ ቅልብልብ ነው።

አወቃቀሩ እንደ ሰልካካና እንደ ቀብራራ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ይደገማል። ትርጉሙ ይላላል፣ ይጠብቃልም። «ደርበብ ያለች» ስንል በመጠኑ፣ «ድርብብ ያለች» ስንል ደግሞ እጅግ አድርገን ነው፤ «ቀልጠፍ ያለ» እና «ቅልጥፍ ያለ» እንደምንለው። በነገራችን ላይ፣ እኔ እስከሰማሁት ሰው ሲያመሰግን የሚቀናው የላላው ነው። አማርኛችን ሙገሳ ላይ ቆጠብ ማለት ይወዳል።

— ከ«ደረበ» የመጣ አይመስልህም? ነጠላ ላይ ነጠላ፣ ግርማ ላይ ግርማ እንደ መደረብ?

— ያማረ ተረት ነው ወንድሜ። ግን በዚህ መንገድ ከሄድን ቀብራራንም ከ«ቀበረ» ልናወጣው ነው!

— ለወንድስ ይሆናል? «ደርባባ ጎረምሳ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

— እኔም አልሰማሁም። ለወንድ «ግርማ ሞገስ ያለው» ይባላል፤ ቆጣ ያለ ከሆነ «ኮስታራ»።

— እኔ ደግሞ በሴት በኩል ልጨምር። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሲነጋም ሲመሽም የሚሰማው «ሰብሰብ በይ!» ነበር። እግርሽን፣ ቀሚስሽን፣ አፍሽን። «ደርባባ ሁኚ» ብሎ ያዘዘኝ ግን የለም። ሰብሰብ ማለት ይታዘዛል፤ ደርባባነትን ሌላው አይቶ ነው የሚናገርልሽ። ይኸው አርባ ዓመቴን ደፈንኩ፣ እስካሁን ማንም አላለኝም።