ስማቸው የጠፋ ጠርሙሶችን ለማን ላስረክብ?

ጤና ይስጥልኝ። የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዘንድሮ የተረከብኩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት የተላጠ 14 ጠርሙሶች አሉ። በአንዱ ላምባ ውስጥ የተነከረ ግራጫ ቁራጭ ይታያል፤ ሶዲየም ሳይሆን አይቀርም፣ ውሃ እንዳይነካው እሰጋለሁ። የሌላው ክዳን ዙሪያውን ነጭ ጨው መሰል ነገር ስላወጣ ልከፍተው አልደፈርኩም። ቅበራቸው ያሉኝ ነበሩ፤ ግቢያችን ከመንደሩ ምንጭ በላይ ስለሆነ እምቢ አልኩ።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት፤ እኛ ግን ያለን አንድ ባልዲ ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ኬሚካል ያስወገደ፣ ወይም በርሜል ላይ ቧንቧ ገጥሞ የዓይን መታጠቢያ የሠራ ባለሙያ ካለ አሠራሩን ያስረዳኝ። የተግባር ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል።