አንባቢ መሃል ላይ የሚተወውን አጭር ልቦለድ እንዴት ላርመው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እያንዳንዳቸው 2,000 ቃል ገደማ የሆኑ ስድስት አጫጭር ልቦለዶች አሉኝ። ያነበቡልኝ ሰዎች «ቆንጆ ነው» ይላሉ፤ ስጠይቃቸው ግን መጨረሻውን አያውቁትም። ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ ነው፣ ምልልሱ ነው ወይስ ታሪኩ? አንድ አሳታሚም «አምጪው» ብሎኛል፤ ከመስጠቴ በፊት ምን ላድርግ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
በወረቀት አትመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከዚያ «ነበር»ን ሁሉ አክብቢ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ተከታትሎ በ«ነበር» ካለቀ ጆሮ ይደነዝዛል። «ታየው ነበር» ካልሽው ውስጥ ግማሹ «አየችው» ቢባል ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛው የ«ሄዶ፣ በልቶ» ሰንሰለት ነው። ይህን እዪው፦

«ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ይዞ፣ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ተኛ። በጣም ደክሞት ነበር።»

ድርጊቱ ብዙ ነው፣ ዓይን የሚይዘው ነገር ግን የለም። ድካሙንም ሰማነው እንጂ አላየነውም። አሁን፦

«ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወደቀ። እራቱ እንደተከደነ አደረ።»

ታክሲውን ማንም አይናፍቀውም።

የሰፈር ልጅ፦
ከላይ ያለው በ«ነበር» ላይ ትንሽ አክርሯል፤ ትዝታ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ ያለ «ነበር» አይሆንለትም። እኔ የምጠረጥረው ምልልሱን ነው። የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍነሽ አንብቢ፤ ማን እንደተናገረ ካልለየሽ ሁሉም የሚያወሩት በአንቺ አፍ ነው። አከራይዋ «አንቺ» ስትላት የከረመችውን ተከራይ፣ ኪራይ የዘገየ ዕለት «እርስዎ» ብትላት ቁጣው እዚያው ላይ አለ። ስለዚህ «ስትል በንዴት ተናገረች» የሚለውን ሰርዢው። «አለች» ይበቃል፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲነጋገሩ እሱም በየመስመሩ አያሻም።

ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን እንደማያሳይም አትርሺ። «ዶሮው ይበላል» ብለሽ ስትጽፊ በይው ዶሮው ነው ወይስ እኛ? «ጥሬ ይበላል» ብትዪም ያው ነው! «ጥሬ እየለቀመ ነው» በዪና ተገላገይ።

አራሚው፦
ስለ አሳታሚው ልጨምር። ፋይሉ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ይሁን፤ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ፣ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል። ሆሄውም ወጥ ይሁን፤ አንድ ገጽ ላይ «ሥራ»፣ ሌላው ላይ «ስራ» አይሁን። ስታስተካክዪ ግን በ«ሁሉንም ተካ» አትመኪ፣ «እስራኤል»ንም «እሥራኤል» ያደርግብሻል። አንድ በአንድ እያየሽ ተኪ።

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲነት መብትሽ ሳይመዘገብም የተጠበቀ ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራሽን አባዝቶ የመሸጥ መብት) በሕይወት ዘመንሽና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ይህን መብት ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ስለሆነ፣ ስንት ቅጂ፣ ስንተኛ እትም፣ ክፍያው መቼ የሚለው ውሉ ላይ ይስፈር። የድምፅና የፊልም መብቶች ለብቻ ይጠቀሱ።

ጀማሪዋ፦
የላኩልኝ ውል «ማናቸውንም መብት» ይላል፣ የእትም ቁጥር የለውም።

አራሚው፦
«የመጀመሪያ እትም፣ በመጽሐፍ መልክ ብቻ» ተብሎ ይስተካከል። እምቢ ካሉ አትፈርሚ።