ከትንንሽ ልጆችና ከእናቴ ጋር ለንደንን ለማየት ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)
ሰላም ወገኖች። በጥቅምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰቡን ይዘን ለንደን ልንሄድ አስበናል። ወንዱ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ከዳይኖሰርና ከባቡር ሌላ ወሬ የለውም። ሴቷ ገና 2 ዓመቷ ነው፣ በጋሪ ነው የምንይዛት፤ ከምሳ በኋላ ካልተኛች ማታውን ስታለቅስ ታመሻለች። እናቴም አብራን ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አይሆንላትም።

ባለቤቴ ታወሩን (ጥንታዊውን የለንደን ምሽግ)፣ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥትን፣ ብሪቲሽ ሙዚየምንና ለንደን አይ የሚባለውን ሰው የሚሳፈርበት ትልቅ መንኮራኩር በሁለት ቀን እንጨርሳለን ይላል፤ እኔ ግን ልጆቹ አይችሉትም ባይ ነኝ። ምኑን እንያዝ፣ ምኑን እንተው? የምድር ውስጥ ባቡሩ ከጋሪ ጋር ይቻላል ወይ? ለልጆች ይከፈላል? እኛና ልጆቹ የጀርመን ፓስፖርት አለን፤ እናቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያላት።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ለንደን)
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ በሁለት ቀን አይሆንም። ከልጆች ጋር በቀን አንድ ትልቅ ቦታ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መናፈሻ ወስዶ መልቀቅ ነው።

ለልጅሽ ዳይኖሰሮቹ ያሉት ሳውዝ ኬንሲንግተን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። መግቢያው ነጻ ነው፣ ግን በኢንተርኔት ቀድማችሁ ሰዓት ያዙ፤ በዕረፍት ወቅት ሰልፉ ረጅም ነው። ጠዋት 10፡00 (በአውሮፓ ሰዓት) ሲከፈት ድረሱና ቀጥታ ወደ ዳይኖሰሮቹ ሂዱ። የሚንቀሳቀስና የሚያገሣ ቲሬክስ አለ። ድምፁ ትንሿን ሊያስደነግጣት ስለሚችል እናትሽ በዋናው አዳራሽ ይዘዋት ይቆዩ። እዚያ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም 25 ሜትር ይሆናል፤ ቁጭ ብሎ ሽቅብ ማየት ለእሳቸውም ደስ ይላል።

ጎን ያለው ሳይንስ ሙዚየም ምድር ቤቱ ውስጥ በውሃና በብሎኬት የሚጫወቱበት የትንንሽ ልጆች ክፍል አለው። ቅያሪ ልብስ ያዢ፣ መራሳቸው አይቀርም። ሁለቱን ሙዚየም በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ እንይ ብትሉ ግን ቀኑ በልቅሶ ያልቃል።

መልስ፦ ከስቶክሆልም
ከጉብኝቱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። ብሪታንያ የሼንገን አባል ስላልሆነች እማማ በጀርመን መኖሪያ ፈቃዳቸው አይገቡም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ የግድ ነው። አሻራ መስጠት አለ፣ ውሳኔው ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ቪዛው ሳይያዝ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዙ።

የጀርመን ፓስፖርት ያላችሁት ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ኢቲኤ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ግን ከ2025 ጀምሮ ማውጣት ግዴታ ነው። ለሕፃንም ጭምር ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነው የሚወጣው። በመንግሥቱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ብቻ ሙሉ፤ እሱን መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ ደላሎች ሞልተዋል። የጀርመን መታወቂያ ካርድ ብቻ ይዞ መግባትም ቀርቷል፣ የልጆቹን ፓስፖርት አትርሱ።

መልስ፦ የአውቶቡስ ሾፌር (ለንደን)
ስለ ትራንስፖርቱ እኔ ልመልስ። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አውቶቡስ ላይ አይከፍሉም፤ ምድር ባቡርም ላይ ከሚከፍል አዋቂ ጋር ሆነው በነጻ ነው። አዋቂ ሁሉ የየራሱን የባንክ ካርድ ማንበቢያው ላይ ያስነካ፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይሄድም። ምድር ባቡር ላይ ሲገባም ሲወጣም ይነካል፣ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ ብቻ። በቀን የሚቆረጠው ገንዘብ ጣሪያ ስላለው የቀን ቲኬት ፍለጋ አትድከሙ።

አሮጌው ምድር ባቡር ግን ለጋሪም ለጉልበትም አይመችም፤ ሊፍት የሌላቸው ጣቢያዎች ይበዛሉ። ሳውዝ ኬንሲንግተን ራሱ ደረጃ አለው። 9 ቁጥር አውቶቡስን ከትራፋልጋር አደባባይ አካባቢ ይዛችሁ ሮያል አልበርት ሆል ውረዱና በኤግዚቢሽን ሮድ ቁልቁል ወደ ሙዚየሞቹ ሂዱ። ጋሪው ሳይታጠፍ መሐል ባለው ቦታ ይቆማል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ሲመጣ ግን ቦታው የእሱ ነው፣ ጋሪውን ማጠፍ ይኖርባችኋል። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ይዛችሁ ኑ።

ለባቡር ወዳዱ ደግሞ ዲኤልአር የሚባለው ቀላል ባቡር አለለት። ሾፌር ስለሌለው ልጁ ከፊት መስታወቱ ሥር ተቀምጦ ራሱ የሚነዳ ይመስለዋል። ጣቢያዎቹ በሙሉ ያለ ደረጃ ይገባባቸዋል። ባንክ ከሚባለው ጣቢያ ተነስታችሁ ካቲ ሳርክ ውረዱ፤ ግሪንዊች ነው። ካቲ ሳርክ የተባለውን የድሮ መርከብ በውጭ አይታችሁ፣ ነጻ የሆነውን የባሕር ሙዚየም ጎብኝታችሁ፣ ስትመለሱ በቴምዝ ጀልባ ብትመጡ እማማ ታወር ድልድይንና ታወሩን ተቀምጠው ያያሉ። ለንደን አይ ላይ ከምታወጡት ገንዘብ ይህ ይሻላችኋል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት (በርሚንግሃም)
ለንደን አይ ይቅር በሚለው እስማማለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ለመዞር ለዚያ ሁሉ ቤተሰብ የሚከፈለው ብዙ ነው። ታወሩን ግን አትተዉት። ልጆች እዚያ ያሉትን ቁራዎች ይወዳሉ፣ ቢያንስ ስድስት ሁልጊዜ እንዲኖሩ የሚጠበቅ ልማድ ነው። የነገሥታቱ ዘውዶች ያሉበት ቤት ደረጃ አያስቸግርም። ነጩ ግንብ ደረጃ ብቻ ስለሆነ አባትየው ወንዱን ይዞት ይውጣ፣ ሌሎቻችሁ ግቢው ውስጥ ቆዩ።

የንጉሡን ዘበኞች ለማየት ደግሞ ባኪንግሃም ደጃፍ ከሕዝቡ ጋር መጋፋት አያስፈልግም፤ ልጅ ከሰው ጀርባ ሆኖ ምንም አያይም። ሆርስ ጋርድስ የሚባለው ቦታ ሂዱ፤ በፈረስ ያሉት ዘበኞች በየቀኑ 11፡00 ላይ (እሑድ 10፡00) ይቀያየራሉ፣ በቅርብም ይታያሉ። ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ ሴንት ጀምስ መናፈሻ ግቡ፤ ፔሊካኖቹ 14፡30 ገደማ ዓሣ ሲበሉ ልጆቹ ከዚያ አይነቃነቁም።

መልስ፦ አንድ አዛውንት (ለንደን)
ልጄ፣ ለእናትሽ አንድ ቀን ስጪያት። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 በወጣትነቱ አርፎ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው የተቀበረው። ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችው የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው ቃል ተጽፎበታል። ለእኛ ሰው እዚያ ቆሞ ጸሎት ማድረስ ትልቅ ነገር ነው።

ከዋተርሉ ጣቢያ ቀጥታ ባቡር አለ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቤተ መንግሥቱ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው፤ እሑድ ደግሞ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ ሐሙስ ወይም ዓርብ አድርጉት። ከባቡሩ ጣቢያ ወደ ግንቡ መንገዱ ዳገት ነው፣ ለእሷ ታክሲ ያዙላት።

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)
እግዚአብሔር ይስጥልን! ለእናቴ ስለ ዓለማየሁ ስነግራት ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ አለች፤ ሐሙስን ለዊንዘር ይዘናል። የቪዛውን ቀጠሮም ዛሬ እንፈልጋለን። የቀረኝ የትንሿ እንቅልፍ ነው፤ ሆቴል እየተመለስን እናስተኛት ወይስ ጋሪው ላይ?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ለንደን)
ሆቴል ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላባችኋል። ጋሪው ላይ ትተኛ፤ ጥቅምት ስለሚበርድና ስለሚዘንብ ብርድ ልብስና የጋሪውን የዝናብ ላስቲክ ያዢ። ምሳውን ቀደም አድርጋችሁ 12፡00 ላይ ብሉ፤ ሙዚየሞቹ የራስን ምግብ የሚበሉበት ቦታ ስላላቸው ዳቦና ፍራፍሬ ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ግቡ። እሷ ስትተኛ ወንዱን አባቱ ይዞት ይዙር፣ አንቺና እናትሽ ሻይ ጠጡ። ስትነቃ መናፈሻ ነው። ከብሪቲሽ ሙዚየም ብዙም ሳይርቅ ኮራምስ ፊልድስ የሚባል የልጆች ሜዳ አለ፤ ልጅ ያልያዘ አዋቂ አይገባበትም፣ ስለዚህ ልጆቹን ለቀቅ አድርጎ ማጫወት ይቻላል። ባለቤትሽ ብሪቲሽ ሙዚየምን ካልተወ እሱን ወደ ሙዚየሙ ላኪውና እናንተ ሜዳው ላይ ጠብቁት።