ገጹ ሎድ አድርጎ መጨረሱን በምን ይታወቃል? የታቡ ቀለበትና የማሳወቂያ ድምፅ

ቆጣሪው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለመከፈት ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ የሪፖርት ገጽ አለ። ታቡን ከፍቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ነው የተፈለገው። ችግሩ፣ ታቡ ላይ የሚዞረው ቀለበት አንዳንዴ ሰንጠረዡ ከመጣ በኋላም አይቆምም፤ አንዳንዴ ደግሞ ቆሞ ሰንጠረዡ ገና ባዶ ነው። የትኛው ምልክት ይታመናል? በዚያው ላይ፣ በድሮው ዊንዶውስ ሊንክ ሲነካ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር። ገጹ ሲጨርስ እንደዚያ ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል? ዊንዶውስ 11 ላይ ክሮምም ፋየርፎክስም አለ።

ፓኬት
ቀለበቱ የሚጠብቀው "ሎድ" የሚባለውን ኢቨንት (ብራውዘሩ የሚያነሳውን ምልክት) ነው። ይህ ኢቨንት የሚነሳው ኤችቲኤምኤሉ፣ ስታይሉ፣ ስክሪፕቶቹ፣ ምስሎቹና አይፍሬሞቹ (በገጹ ውስጥ የሚከፈቱ ሌሎች ገጾች) ሁሉ ገብተው ወይም ከሽፈው ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ገጹ ግርጌ ያለች አንዲት የማስታወቂያ አይፍሬም ሰርቨሯ ዝም ካላት፣ ሰንጠረዡ ቢመጣም ቀለበቱ መዞሩን ይቀጥላል። በሌላ በኩል ገጹ መጀመሪያ ባዶውን ቀፎ አምጥቶ፣ ሎድ ካለቀ በኋላ በ"ፌች" (ስክሪፕት ከጀርባ ዳታ የሚጠይቅበት ትእዛዝ) ዳታውን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ቀለበቱ ቆሟል፤ ዳታው ገና መንገድ ላይ ነው። ያያችሁት ሁለቱም ችግር ከዚህ ይመጣል።

አዟዟሩን ግን ልብ በሉት። ክሮም ላይ ቀለበቱ ግራጫ ሆኖ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ እየዞረ ከሆነ፣ ጥያቄው ሄዷል፣ መልስ ግን አንድም ባይት አልመጣም። የመጀመሪያው መልስ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆንና ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ መዞር ይጀምራል። ፋየርፎክስ በቀለበት ፋንታ ወዲያ ወዲህ የምትል ነጥብ ነው ያለው፤ ግራጫ ከሆነች መልስ እየጠበቀ ነው፣ ሰማያዊ ስትሆን ዳታ መግባት ጀምሯል።

ግራጫው ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ኤፍ 5 አትጫኑ! ሰርቨሩ ሪፖርቱን እያሰላ ይሆናል። እናንተ ስታድሱ እሱ የድሮውን ስሌት ላያቋርጥ ይችላል፤ አዲሱ ይደረብበትና ሁለቱም ይዘገያሉ።

ፋየርፎክስ ከታች በግራ ጥግ የሚያሳየው ጽሑፍም ጥሩ መረጃ ነው። "ሉኪንግ አፕ" ካለ የዲኤንኤስ ፍለጋ (የሰርቨሩን የቁጥር አድራሻ ማፈላለግ) ላይ ነው። "ቲኤልኤስ ሀንድሼክ" ላይ ከተጣበቀ ችግሩ የግንኙነቱ ምስጠራ ላይ ነው፤ ፕሮክሲውን ወይም አንቲቫይረሱን ጠርጥሩ። "ዌይቲንግ ፎር" ማለት ኳሷ ሰርቨሩ እጅ ናት፤ "ትራንስፈሪንግ" ማለት እየገባ ነው። ማውዙ ሊንክ ላይ ካረፈ ግን ቦታውን የሊንኩ አድራሻ ይይዘዋል፤ ባዶ ቦታ ላይ አድርጉት።

ሽቦ_ቆጣሪ
ፓኬት ያለው ልክ ነው። ቀለበቱን የያዘው የትኛው ፋይል እንደሆነ ለማየት፣ ኤፍ 12 ተጫኑ፣ "ኔትዎርክ" የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ ገጹን አድሱ (ፓነሉ ከመከፈቱ በፊት ያለፈውን ጥያቄ አይመዘግብም)። ከታች ሁለት የጊዜ ልኬቶች ይጻፋሉ፤ ሰማያዊው ዶም ኮንተንት ሎድድ (ኤችቲኤምኤሉ ተነቦ ያለቀበት) ነው፣ ቀዩ ሎድ። ክሮም ላይ ስታተሱ "ፔንዲንግ" (ገና አላለቀም) እንዳለ የቀረው መስመር ነው ጥፋተኛው። የእናንተን ዳታ የሚያመጣውን መስመር ለማግኘት ማጣሪያውን "ፌች/ኤክስኤችአር" ላይ አድርጉት። እውነተኛው "ጨረሰ" ማለት የዚያ መስመር መዘጋት ነው።

ጆሮ_ለባለቤቱ
ወደ ድምፁ ልምጣ። ያ ቀጭታ "ስታርት ናቪጌሽን" የሚባል የዊንዶውስ ድምፅ ነው፤ በፋይል ኤክስፕሎረርና በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይሠራ ነበር። ስሙ እንደሚለው የሚጮኸው ሲጀምር ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም አይጠቀሙበትም፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ተሰናብቷል። በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ጊዜ አታባክኑ።

ገጹ ራሱ ፕሮግረስ ባር (ሥራው ምን ያህል እንደገፋ የሚያሳይ አሞሌ) ካለው ኤንቪዲኤ ጥሩ ነው። ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነጻ ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ቢሆንም ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። የኤንቪዲኤ ቁልፍን (ብዙ ጊዜ ኢንሰርት ነው) ከዩ ጋር ስትጫኑ አማራጮቹ ይቀያየራሉ፤ ዝምታ፣ ንግግር፣ ቢፕ፣ ሁለቱም። ቢፑ ሥራው በገፋ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከ110 ኸርዝ ተነስቶ መቶ በመቶ ሲሞላ 1760 ይደርሳል፣ አራት ኦክታቭ ማለት ነው። ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ሌላ መስኮት ላይ እየሠራችሁ እንዲሰማ ግን ሴቲንግ ውስጥ "ኦብጀክት ፕሬዘንቴሽን" ገብታችሁ የጀርባ ፕሮግረስ ባሮችን እንዲናገር ምልክት አድርጉ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ቆጣሪው
አመሰግናለሁ። ገጹ ፕሮግረስ ባር የለውም፤ ዳታው በፌች ነው የሚመጣው። በታምፐርመንኪ (በገጾች ላይ የራስን ስክሪፕት የሚያስኬድ የብራውዘር ኤክስቴንሽን) ስክሪፕት ድምፅ ማሰማት ይሻላል?

ፓኬት
ይሻላል፤ ሦስት ወጥመዶች ግን አሉ።

ሎድን አታዳምጡ፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል። ሰንጠረዡን የያዘውን ሳጥን በሚውቴሽን ኦብዘርቨር (የገጹ ይዘት ሲለወጥ ለስክሪፕቱ የሚያሳውቅ የብራውዘር መሣሪያ) ጠብቁት፤ ረድፍ ሲገባ ይቀሰቅሳችኋል። ረድፎቹ በክፍል በክፍል የሚመጡ ከሆነ፣ የመጨረሻው ለውጥ ካለፈ 3 ሰከንድ ጸጥታ ሲሆን "ጨረሰ" በሉ። በየሁለት ሰከንዱ የሚቆጥር ታይመር ማድረግም ይቻላል፤ ግን ከክሮም 88 ወዲህ ከ5 ደቂቃ በላይ ተደብቆ የቆየ ታብ ታይመሩ በደቂቃ አንዴ ብቻ ሊነሳ ይችላል። ኦብዘርቨሩን ይህ አይነካውም።

ድምፁን በገጹ ውስጥ በኦዲዮ አታጫውቱ። ገጹ ላይ አንዴም ጠቅ ካልተደረገ ብራውዘሩ ያፍነዋል፤ ስህተቱም በኤፍ 12 ኮንሶሉን (የስህተት መልእክቶች መዝገብ) ለከፈተ ብቻ ነው የሚታየው። በዚያ ፋንታ የታምፐርመንኪን የማሳወቂያ ትእዛዝ "ጂኤም ኖቲፊኬሽን"ን ተጠቀሙ፤ ማሳወቂያውን የሚያወጣው ዊንዶውስ ስለሆነ ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ስክሪፕቱ ራስጌ ላይ በ"ግራንት" መስመር ካልተፈቀደለት ግን አይሠራም።

ሦስተኛው፣ በቅርብ ጊዜ ክሮሞች በኤክስቴንሽኑ ዝርዝር ገጽ ላይ "አላው ዩዘር ስክሪፕትስ" መብራት አለበት። ካልበራ ስክሪፕቱ ጭራሽ አይነሳም፤ ሰው ግን ኮዱ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ይውላል።

ሽቦ_ቆጣሪ
በዚያው የታቡንም ርዕስ ቀይሩት፤ ከፊቱ "አለቀ" የሚል ቃል ጨምሩበት። ዊንዶውስ ላይ "ዱ ኖት ዲስተርብ" (አትረብሹኝ) በርቶ ከሆነ ማሳወቂያው ድምፅ የለውም፤ ርዕሱ ግን ይታያል።