ክትባቱ ያላለቀ ቡችላ ይውጣ ወይስ ቤት ይቆይ?

ጠያቂዋ፣ ሰሚት፦
ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ተከራከሩና ቁርጡን ንገሩኝ። 9 ሳምንት የሞላው፣ ፓግ የሚባለው ዝርያ ቡችላ አለኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። የመጀመሪያ ክትባቱን ከወሰደ 10 ቀኑ ነው፤ የትል መድኃኒትም ወስዷል። አንዱ ሐኪም «16 ሳምንት ሞልቶት ክትባቱ እስኪያልቅ ደጅ እንዳይረግጥ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «እስከዚያ ከዘጋሽበት ሰው ባየ ቁጥር የሚደነብር ውሻ ነው የምታሳድጊው» አለኝ። የማንን ልስማ?

ጀሞ፦
አይውጣ። የኔን ፓርቮ በሚባለው የውሻ አንጀት በሽታ ነው ያጣሁት። ብሎካችን ቆሻሻ ገንዳ አካባቢ ሲያሸት ዋለ፣ በሳምንቱ ምግብ እምቢ አለ። ከዚያ ትውከት፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ሦስት ሌሊት በጣቴ ጫፍ ውሃ እያቀመስኩት አነጋሁ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ባለቤት የሌለው ውሻ በሚርመሰመስበት ሰፈር የትኛው መሬት ንጹሕ ነው? ፈሪም ቢሆን በሕይወት ይኑር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
ወንድሜ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ፍርሃትም ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የሚፈራ ውሻ ይናከሳል፣ የሚናከስ ውሻ ደግሞ ቤት አይቆይም። ስኮትና ፉለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሜይን ግዛት ውስጥ ለዓመታት ቡችላ እያሳደጉ አጥንተዋል። ቡችላ ሰውንና ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ያ ካለፈ ልፋቱ ብዙ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ቡችላ በ7 ወይም በ8 ሳምንቱ ከሌሎች ቡችሎች ጋር የመላመጃ ሥልጠና ክፍል ሊጀምር ይችላል ብሏል። የመጀመሪያ ክትባቱን ከወሰደ ቢያንስ 7 ቀን ይለፈው፣ የትል መድኃኒትም ይውሰድ፤ ሌላ አይደለም። የእህታችን ቡችላ ይህን አሟልቷል።

ጀሞ፦
ዓመቱን ተመልከቺ እንጂ! ስኮትና ፉለር ጥናታቸውን ያሳተሙት በ1965 ነው። ፓርቮ በዓለም የታወቀው በ1978። ያኔ ይሄ በሽታ አልነበረም። ደግሞ እናንተ ጋ የሥልጠናው ክፍል ወለል በመድኃኒት ይታጠባል፣ የክትባት ካርድ ያላሳየ አይገባም። ሰሚት ደረጃ ላይ ካርድ የሚጠይቅ ማን አለ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ቦሌ፦
የጀሞው ወንድማችን ስለ በሽታው ያለው ልክ ነው። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። አደጋው ያለው መሬቱ ላይና ከማያውቁት ውሻ ጋር በመነካካት ነው። ባጃጅ ሲያልፍ መስማት፣ ሊስትሮ ሳጥኑን ሲያንኳኳ ማየት በሽታ አያስይዝም። ስለዚህ አቅፈሽ አውጪው፣ መዳፉ መሬት አይንካ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ ነገር ሲያይ የተቀቀለ ዶሮ በጣትሽ አጉርሺው። ከወጥ የወጣ ግን እንዳይሆን፤ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል። ብብትሽ ውስጥ ከተሸጎጠ ይዘሽው ካስፈራው ነገር ራቅ በይ፣ አታስገድጂው። ክትባቱን የጨረሰ፣ የምታውቂው ጤነኛ ውሻ ካለ ቤት ድረስ ይምጣለት።

ፓግ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲተነፍስ ያንኮራፋል፤ ሌላው ውሻ ማጉረምረም ሊመስለው ይችላል። ዓይኑ ወጣ ያለ ነው፣ ጭረት አይችልም። የመጀመሪያ ጓደኛው ረጋ ያለ ይሁን። ከቀትር ፀሐይ ጠብቂው። ሲያድግም ማሰሪያው በደረቱ እንጂ በአንገቱ አይሁን።

ጎሮ፦
ዶክተር ያሉት ለኔም ሠርቶልኛል። ግን ሁላችሁም 16 ሳምንት ላይ ነው የቆማችሁት። የኔዋ ፓግ 3 ዓመቷ ነው። ቡችላ እያለች አቅፌ ያላሳየኋት ነገር አልነበረም። 5 ወር ሲሞላት «በቃ ለምዳለች» ብዬ ተውኩት። 8 ወሯ ላይ ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ነጠላ ያጣፉ እናት ጥቁር ዣንጥላ ዘርግተው መግቢያው ላይ ብቅ ሲሉ ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ጮኸች፣ ከዚያ እግሬ ሥር ገባች። እሳቸውም ደንግጠው ግድግዳውን ያዙ።

ዣንጥላውን ሳሎን ዘርግቼ ዙሪያውን ምግብ በተንኩ። በሩቁ በላች። በማግስቱ ጠጋ አለች። ቀጥሎ እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ፣ ከዚያ ነጠላ ለብሼ ተራመድኩ። ሁለት ወር ፈጀ። አሁንም ክረምት ሊገባ ሲል እደግመዋለሁ። ማላመድ ክትባት ስላለቀ አያልቅም።

የካ አባዶ፦
እኔ ውሻ የለኝም። እዚህ የገባሁት የብሎካችን ኮሚቴ ስለሆንኩ ነው። ሙስሊም ነኝ፤ የውሻ ምራቅ የነካውን ልብስ ሳላጥብ አልሰግድበትም። ልጆቼም ስለ እብድ ውሻ በሽታ እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ደረጃ ላይ ውሻ ካዩ ይሮጣሉ። «አይዟችሁ፣ አይናከስም» ማለት መልስ አይሆንም። ውሻችሁን አላምዱ፣ ግን ሳትጠይቁ በኛ ላይ አይሁን።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቦሌ፦
ልክ ነዎት። የሚሮጥ ልጅ ቡችላውንም ማባረር ነው የሚያስተምረው። የእብድ ውሻ ክትባቱም 12 ሳምንት ሲሞላው አይረሳ። ውሻ ነክሶ ካቆሰለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ጠያቂዋ፣ ሰሚት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት አቅፌው ባጃጅ መቆሚያው ጋ እወርዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ፊት ለፊታችን ያሉትን እናት አንኳኩቼ አነጋግራቸዋለሁ። ልጆች አሏቸው።

ጀሞ፦
ይሁን። ግን ስትመለሺ ጫማሽን በር ላይ አውልቂ። ፓርቮ በጫማም ይገባል።