ሽበቴን በሂና ማቅለም እፈልጋለሁ፣ ግን ብርቱካናማ እንዳይሆንብኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ግንባሬ ዙሪያና ጆሮዬ አካባቢ ሽበት ወጥቶብኛል። ሌላው ፀጉሬ ጥቁር ነው። በካርቶን የሚሸጠውን ቀለም ስቀባ ራሴን ክፉኛ ስለሚያሳክከኝ ተውኩት። አሁን በቤቴ፣ በዕፅዋት ብቻ ማቅለም እፈልጋለሁ። ወፍራም ቡና አፍልቼ ሞክሬ ነበር። ሽበቱን ትንሽ አደብዝዞልኝ በሻምፖ ስታጠብ ሄደ። ሂና ደግሞ ሽበት ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ይቻላል? በእጃችሁ የሠራችሁት ሰዎች ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

እህቴ፣ በደንብ ይቻላል። የእናቴን ፀጉር የማቀልመው እኔ ነኝ። እሷ ሙሉ በሙሉ ሸብታለች፤ የምትፈልገውም እንዳንቺው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው።

ቡናም ሆነ ሻይ ወይም ቀይ ሥር ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ በእጥበት ይለቃሉ። ሂና ግን ላውሶን የሚባል ቀለም አለው። ይህ ቀለም ፀጉር ከተሠራበት ኬራቲን ጋር ይያያዛል። ቀለሙ ብርቱካናማ ቀይ ነው። ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ቀላ ብሎ ይታያል። ሽበት ላይ ግን የሚሸፍነው ጥቁረት ስለሌለ እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ሂና ብቻውን ሽበትን ጥቁር ቡናማ አያደርግም። ኢንዲጎ የሚባል የሌላ ተክል ቅጠል ዱቄት ያስፈልግሻል። የኢንዲጎው ሰማያዊ ከሂናው ቀይ ጋር ሲደባለቅ ነው ቡናማው የሚመጣው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሂናውን ማታ በለብታ ውሃ እርጎ እስኪመስል አቦካለሁ። ብዙ ሰው ሎሚ ይጨምርበታል። የሎሚው አሲድ ጥሩ ነው፣ ግን የራስ ቆዳሽ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ተዪው፤ ውሃ ብቻውን ይበቃል። ከድኜ አሳድረዋለሁ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል። ላዩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ቀለሙን መልቀቅ ጀምሯል።

ኢንዲጎ ጠባዩ ሌላ ነው። አሲድ አይስማማውም፣ ተቦክቶም አያድርም። ልትቀቢ ስትይ ብቻ በለብታ ውሃ ትበጠብጪዋለሽ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከቆየ ይበቃዋል። ከዚያ ከሂናው ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለሽ ወዲያው ትቀቢያለሽ። ኢንዲጎው ሲበዛ ይጠቁራል፣ ሂናው ሲበዛ ይቀላል። ጥቁር የሚፈልግ ሰው ግን ባይቀላቅል ይሻላል። መጀመሪያ ሂናውን ብቻ ተቀብቶ ይታጠባል፣ ከዚያ ኢንዲጎውን በላዩ ይደርባል።

ፀጉርሽ ንጹሕና ቅባት የሌለው ይሁን። ግንባርሽንና ጆሮሽን ቫዝሊን ቀቢ፣ ጓንት አድርጊ። ከሽበቱ ጀምሪ፣ እሱ ቀለም ቶሎ አይቀበልም። በላስቲክ ሸፍነሽ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆዪ። ስትታጠቢ ኮንዲሽነር ብትጠቀሚ ጭቃው ቶሎ ይለቃል። ሻምፖ ለሁለት ቀን አትንኪ። መጀመሪያ ላይ ቀላ ብሎ ወይም አረንጓዴ መስሎ ቢታይሽ አትደንግጪ። ከአየር ጋር እየተገናኘ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ይጨልማል። እናቴ ዛሬም ድረስ የመጀመሪያውን ቀን መስታወት ማየት አትወድም፣ በሦስተኛው ቀን ግን ደስ ይላታል።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ግዢው ነው። «ጥቁር ሂና» የሚል ጽሑፍ ካየሽ አትግዢ። ጥቁር ቀለም የሚሰጥ ሂና የለም። ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ተጨምሮበታል። ይህ ኬሚካል በብዙ የካርቶን ቀለሞች ውስጥም አለ፤ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ካርቶኑ ላይ የሂናና የኢንዲጎ ቅጠል ብቻ መጻፉን አረጋግጪ። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር ያደርጋል የሚለውንም አትመኚው። ንጹሕ ሂና አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ ሽታውም የድርቆሽ ነው።

ንጹሕም ቢሆን ክርንሽ ውስጥ በኩል ትንሽ ቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ። ጂ-ስድስት-ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያነሰው ሰው ግን ሂናን ጨርሶ ይተው። ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስበት ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ፒፒዲውን አሁን ነው የሰማሁት፤ የድሮውን ካርቶን አውጥቼ አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጫፉ ላይ የድሮው ቀለም ገና አልጠፋም። በላዩ ላይ ብቀባ ችግር አለው?

መልስ 1

ሂናሽና ኢንዲጎሽ ንጹሕ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የሚያስፈራው ብረት ነክ ጨው የተቀላቀለበት ነው። እሱ ከኬሚካል ቀለም ጋር ሲገናኝ ፀጉር ያበላሻል። ማበጠሪያሽ ላይ የቀረውን ፀጉር ሰብስቢ፣ የድሮው ቀለም ያለበትንም ነጩንም። ያዘጋጀሽውን ቀብተሽ ሁለት ሦስት ቀን አቆዪው። የሚወጣውን ቀለም እዚያው ታዪዋለሽ፣ መጠኑንም በዚያ ታስተካክያለሽ።

ወደፊት ፀጉርሽን በብሊች ማንጣት የምታስቢ ከሆነ ግን አሁኑኑ ተዪው። ኢንዲጎ የነካው ፀጉር ሲነጣ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ አድካሚ ነው። ካላሰብሽው ቀጥዪ። በሚቀጥለው ጊዜ ሥሩን ብቻ ቀቢ፤ ጫፉ ላይ በተደረበ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል።