ሪፖን፣ 1854፦ የተማሪዎቹ ጽሑፍ ይታረም ወይስ ይቆይ?

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ታሪክ ክበብ በ1 ሜትር ወረቀት ላይ የአሜሪካን የፀረ ባርነት ፖለቲካ ካርታ እየሠራ ነው። ተማሪዎቹ ዊስኮንሲን ውስጥ ካለችው ከሪፖን ከተማ ጎን «ባርነትን ያስቀረው ሪፐብሊካን ፓርቲ ማርች 20 ቀን 1854 እዚህ ተመሠረተ» ብለው ጽፈዋል። ልክ ነው? ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል? በ1820 ከእሱ በስተ ሰሜን ባለው አዲስ መሬት ባርነት የተከለከለበት የሚዙሪ ስምምነት መስመርስ የት ይሰመር?

ፍቅር ሐይቅ
መምህር፣ «ባርነትን ያስቀረው» የሚለው ይውጣ። የሪፖን ሰዎች የታገሉት ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ነው። ባርነትን በመላ አገሪቱ የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ1865 ነው፣ ያውም ከአራት ዓመት ጦርነት በኋላ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ በጃንዋሪ 1854 ያቀረበው የካንሳስ-ነብራስካ ረቂቅ ነው። የ1820ውን ክልከላ ሽሮ ውሳኔውን ለሰፋሪዎች የሚተው ሕግ ነበር። አልቫን ቦቬይ የተባለ የሪፖን ጠበቃ የከተማውን ሰው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሰበሰበ፤ ሴኔቱ ረቂቁን ሲያጸድቅ ደግሞ ማርች 20 ማታ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት። ከመቶ ገደማ መራጭ ሃምሳ ምናምኑ መጣ። ተማሪዎቹ ማወቅ ያለባቸው እዚያ የተደረገውን ነው፦ የከተማውን የሁለት ፓርቲዎች ኮሚቴዎች፣ የዊግንና ባርነት እንዳይስፋፋ ይታገል የነበረውን የፍሪ ሶይልን፣ በድምፅ አፈረሱና አምስት ሰው መረጡ፤ ሦስት ዊግ፣ አንድ ፍሪ ሶይል፣ አንድ ዴሞክራት። ከዚያ በፊት የፀረ ባርነት ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት ለየብቻቸው ተወዳድረው አልሆነላቸውም። ሊበርቲ ፓርቲ በ1840 ያገኘው 7,000 ገደማ ድምፅ ነው፤ ፍሪ ሶይል በ1848 ወደ 290,000 ቢያገኝም አንድም ግዛት አላሸነፈም። ለእኔ የሪፖን ክብር የራሳቸውን ቤት አፍርሰው አብረው መሥራታቸው ላይ ነው።

አቶቴ
«ተመሠረተ» የሚለውም ያከራክራል። የሚሺጋኗ ጃክሰንም የትውልድ ቦታው እኔ ነኝ ትላለች፤ እዚያ ጁላይ 6 ቀን 1854 ሕዝቡ አዳራሽ ስላልበቃው ከኦክ ዛፎች ሥር ተሰብስቦ በግዛት ደረጃ እጩ አቅርቧል። «አዲስ ፓርቲ ለማቋቋም ከመከሩት ቀዳሚ ስብሰባዎች አንዱ» ብትሉ ማንም አያርማችሁም። የሊንከንን ፎቶ ከሪፖን ጎን አትለጥፉ፤ ያኔ ገና ዊግ ነበር።

ጉዱማሌ
ቀኑ መጋቢት 12 ቀን 1846 ነው። በዛሬው ስሌት ማርች 20 መጋቢት 11 ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ማረጋገጫው ዓድዋ ነው፦ የካቲት 23ን ዛሬ የምናከብረው ማርች 2 ቢሆንም ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 ነው።

መስመሩ 36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ላይ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 36.5 ማለት ነው እንጂ 36.3 አይደለም። ካርታው ላይ በ35ና በ40 ዲግሪ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ ከ35 ወደ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አስምሩ፤ 36.3 ብሎ የሠራ 2.6 ላይ ያሰምራል። ክልከላው ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ አሜሪካ ከፈረንሳይ ለገዛችው መሬት ስለሆነ መስመሩን እስከ አትላንቲክ አትጎትቱት። ሚዙሪ ራሷ ከመስመሩ በላይ ሆና ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ናት፤ ባርነት በተፈቀደባቸው ግዛቶች ቀለም ትቀባ።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ እናስተካክላለን። የትምህርት ቤቷን የአሁን ፎቶ «ስብሰባው የተካሄደበት ቦታ» ብዬ ልለጥፍ?

ፍቅር ሐይቅ
«ስብሰባው የተካሄደባት ቤት» ይበሉት። ቤቷ በተለያየ ጊዜ ከቦታ ቦታ ተጓጉዛለች፤ ያኔ የቆመችበት መሬት ሌላ ነው።